የመጀመሪያው ኮርስ ለማን ነው?

ስለ መግቢያ ትምህርቶችና ስለ ምን አለሽ ተራ ለጠቅላላ አድማጭ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓመት ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ፍሬሽማን» ይሉታል። ልጁ መሐንዲስ ለመሆን ቢያስብም፣ ሕግ ለማጥናት ቢመኝም፣ በዚያ ዓመት የሚማረው ከየዘርፉ ቆንጠር እያደረገ ነው፦ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ሥነ ልቡና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ኢንተርፕረነርሽፕ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት። ተማሪው ያማርራል፤ «ኢንጂነሪንግ ልማር መጥቼ አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ወላጅም «አንድ ዓመት ተጨመረብን» እያለ ያሰላል።

እኔ ለዚህ ዓመት ጥብቅና ልቆምለትም፣ ቅሬታዬን ላሰማበትም ነው የመጣሁት። ጥብቅናዬ ትምህርቱ ጠቃሚ ነው የሚል ነው። ቅሬታዬ ደግሞ ትምህርቱ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ለሆኑ ሰዎች መሆኑ ነው። ከማንም በላይ ሊሠራበት የሚችለው ሰው በዚህ ሰዓት መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ተቀምጦ በርሜል እየሰነጠቀ ነው፤ ስለ ትምህርቱ የነገረውም የለም።

በመጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በ1943 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የጀስዊት ቄስ በአባ ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር፣ በ1954 ዓ.ም ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የወግ ነበር። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ተባሉና የዚያ ዓመት ይዘት ወደ ታች ወረደ። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የአብዛኛው ዲግሪ ዕድሜ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ተማሪው ከበሩ እንደገባ በቀጥታ ወደ ሙያው ይመደብ ጀመር። በኋላ የትምህርት ፍኖተ ካርታው ሲዘጋጅ፣ ይህ አካሄድ ሙያውን ብቻ የሚያውቅ፣ ከሙያው ዳር ሲወጣ የሚደናበር ምሩቅ እንደሚያፈራ ታመነበትና በ2012 ዓ.ም ፍሬሽማን ተመለሰ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል ሳይቆጥር፣ ዳዊት ሳይደግም ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት የሚሻገር የለም። በእስልምናውም ቁርኣን ቤት ይቀድማል፤ ፊቅሁና ነህዉ በኋላ ይከተላሉ። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን በቆሙባት መርካቶ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መጀመሪያው የጋራ ነው፤ መለያየቱ ቆይቶ ይመጣል። ደግሞም ልብ በሉ፦ ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው ትምህርቱ ባከነ አይባልም። ለመንደሩ ደብዳቤ የሚያነበው፣ ውል የሚጽፈው እሱ ነበር። የመግቢያ ትምህርት ዋጋ የሚለካው ከበሩ ወደ ውስጥ በገባው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከበሩ በተመለሰውም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ሆኑ። ሬሜዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተጨማሪ ተማሪዎች መግባታቸው እውነት ነው። ቢሆንም 12ኛ ክፍል ድረስ ከዘለቁት መቶ ልጆች ዘጠና ምናምኑ ማለፊያውን አላገኙም፤ ከዚያ በፊት ያቋረጡት ደግሞ ጭራሽ አልተቆጠሩም። የእነዚህ ሰዎች ትልቅ ክፍል እንጀራውን የሚበላው እንደ ምን አለሽ ተራ ባሉ ቦታዎች ነው። ኬሚስትሪን፣ ሕግን፣ ኢኮኖሚክስን በየዕለቱ በእጁ ይነካል፤ ስማቸውን የሚነግረው ግን የለም።

ምን አለሽ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሌላው ከተማ የጣለው ሁሉ እዚያ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ቁራሌው ጠዋት በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ጀሪካን፣ የዛገ ፌሮ፣ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የፈሰሰ ባትሪ፣ ያረጀ ጎማ ከሰዓት በኋላ በኪሎ ተመዝኖ ይራገፋል። ጎማው በረባሶ ይሆናል፤ በርሜሉ ምድጃ፣ አካፋ፣ የጭስ ማውጫ ይሆናል። ሌላ ቦታ የጠፋ ብሎን እዚያ አይጠፋም። ይህን የሚሠሩት ሰዎች ለረጅም ዘመን «ቀጥቃጭ» እየተባሉ ተሰድበዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ያለ ነገር አይደለም። እኔ ዛሬ እነሱን ለማመስገን አልቆምኩም፤ ምስጋና ርካሽ ነው። አንድ ሙያተኛ ሲሠራ ቀረብ ብለን እንይና፣ ከየትምህርቱ የመጀመሪያው ክፍል ምን እንደሚጨምርለት እንመርምር።

ከሒሳብ እንጀምር። ሰውየው የከሰል ምድጃ ሊሠራ ላሜራ ዘርግቷል እንበል። የምድጃው አፍ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ላሜራውን በምን ያህል ርዝመት ይቁረጠው? አለቃው ያስተማረው ደንብ አለ፦ «ስፋቱን ሦስት ጊዜ ለካ፣ አራት ሳንቲ ሜትር ጨምር፤ መታጠፊያውን ለብቻው ተው።» ሦስት ጊዜ 30፣ 90፤ አራት ሲጨመር 94። መጽሐፉ የሚለው 94 ከሩብ ነው። የአለቃው ደንብ ልክ ነው፤ ለዓመታት ያበላው በዚህ ነው። አንድ ቀን አንድ ሆቴል ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ምድጃ አዘዘው። በዚያው ደንብ 184 ቆረጠ። ሲያጥፈው ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ ጎደለ፤ የሚያስፈልገው 188 ተኩል ነበርና። ላሜራው ተበላሸ፤ ቀኑም ከሰረ። የጎደለችው ዕውቀት አንድ ዐረፍተ ነገር ናት፦ ጭማሪው አራት ሆኖ አይቀርም፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጭማሪውም እጥፍ ይሆናል። የክብ ዙሪያ ምንጊዜም የስፋቱ 3.14 እጥፍ ገደማ ነው። የመጀመሪያው የሒሳብ ኮርስ ለሙያተኛው ይህን ይሰጠዋል፤ ደንቡ የት ድረስ እንደሚያገለግል፣ የት ላይ እንደሚከዳው ያሳየዋል።

ወደ ኬሚስትሪ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ የጤናና የሕይወት ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበሰ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይተናል። ብረት ሲበየድ ሙቀቱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ የተነነው ዚንክ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው። ያን ጭስ ቀኑን ሙሉ የሳበ ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ይተወዋል። «ብርድ መታኝ» ብሎ ያልፈዋል። ወተት ጠጣበት የሚሉትም አሉ፤ ሳንባ የገባን ጭስ ግን ሆድ የገባ ወተት አያወጣውም። የሚረዳው ልባሱን ፍቆ መበየድ፣ አየር በሚገባበት መሥራት፣ ነፋሱን ከኋላ ማድረግ ነው። የባትሪው እርሳስ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በከሰል እሳት ይቀልጣል፤ ቀላልነቱም አሳሳች ነው። ብናኙ በልብስ ላይ ተሳፍሮ ቤት ይገባና ሕፃናትን ይጎዳል፤ በልጅ አእምሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት ተመልሶ አይጠገንም። ለሥራ የለበሱትን እዚያው መተውና እጅን ታጥቦ መብላት የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤንዚን ወይም የቀለም ማቅጠኛ የነበረበት ባዶ በርሜል ከሙሉው የበለጠ አስጊ ነው። ሙሉው ውስጥ ፈሳሹ እንጂ አየር የለም። ባዶው ውስጥ ግን ከግድግዳው ላይ የቀረችው ጥቂት ጠብታ ተንና ከአየር ጋር ተቀላቅላ የብየዳ ብልጭታ ትጠብቃለች። «ባዶ ነው» ብሎ እሳት ያስጠጋ ሰው የሚፈነዳበት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ኬሚስትሪ ለመቃጠል ነዳጅ፣ አየርና ሙቀት አንድ ላይ መገኘት አለባቸው ብሎ ሲያስተምር፣ ይህ ትምህርት ለፈተና የሚሸመደድ ብቻ ከሆነ አዝናለሁ፤ በርሜል ለሚሰነጥቅ ሰው ነፍሱ ነውና።

ፊዚክስን ፈጠን ብዬ ልለፈው፤ ሙያተኛው ከመምህሩ ብዙም አያንስምና። ብረት በቀዝቃዛው ሲቀጠቀጥ እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ፣ በእሳት ሲግል እንደሚለሰልስ ያውቃል። ላቀች የሚባለውን ምድጃ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ከኬንያው ጂኮ መነሻ ተወስዶ ለኛ ማዕድ ቤት የተሠራ፣ ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው ነው። ሸክላው ሙቀቱን ወደ ጎን እንዳያመልጥ ይይዝና ከሰል ይቆጥባል። ፊዚክስና የቆርቆሮ ሥራ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ በዚህ ታዩታላችሁ፤ ይህ መገናኘት ግን በአጋጣሚ እንጂ በየሳምንቱ አይሆንም።

አካውንቲንግን ደግሞ ነጋዴው የሚያውቀው ይመስለዋል። በ1,000 ብር የገዛሁትን በ1,400 ሸጥኩ፣ 400 አተረፍኩ ይላል። የሱቁ ኪራይ፣ የረዳቱ ክፍያ፣ የራሱ የሥራ ቀንስ? ብሩ ታስሮ የከረመበት ጊዜስ? 400 ብር በሳምንት የሚያስገኝ ዕቃና 600 ብር በሦስት ወር የሚያስገኝ ዕቃ ጎን ለጎን ቢቀርቡለት፣ ብዙ ሰው 600ውን ይመርጣል። የቱ እንደሚሻል ለማየት የሁለት ገጽ ሒሳብ ይበቃል።

ዕቁብንም እንውሰድ። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰውም፣ በ20ኛው ሳምንት የደረሰውም ጠቅላላ 20,000 ከፍለው 20,000 ወስደዋል። በወረቀት እኩል ናቸው። እውነቱን ስናይ ግን የመጀመሪያው ያለ ወለድ የተበደረ፣ የመጨረሻው ያለ ወለድ ያበደረ ነው። ዕጣ የሚሸጠውና የሚገዛው ለዚህ ነው። የሚሸጥበት ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ግን ዳኛውም ጸሐፊውም አስልተው አይነግሩንም። የገንዘብ ዋጋ ከጊዜ ጋር እንደሚለዋወጥ የሚያስተምረው የመጀመሪያው የፋይናንስ ትምህርት የሚጀምረው ልክ ከዚህ ጥያቄ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የአሮጌ ብረት ገዢ ሁሉ ሳይወድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኗል፤ መምህር ያጣ ተማሪ።

ሕግን በተመለከተ አንዲት ጥያቄ ብቻ። አንድ ልጅ የመኪና መለዋወጫ ይዞ መጣ፤ ዋጋው ረከሰ። ትገዛለህ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ያስቀጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቅን ልቦና የገዛን ሰው ጉዳይ ለብቻው ያያል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የት ላይ ነው? ደረሰኝ፣ ምስክር፣ የሻጩ መታወቂያ ምን ያህል ይረዳሉ? ይህን የማያውቅ ሰው ወይ ሁሉን ፈርቶ ሥራው ይቆማል፣ ወይ ሁሉን ደፍሮ ይታሰራል።

ታሪክስ ለብረት ነጋዴ ምን ያደርጋል? የከተማዋ ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንደነበረና መርካቶ ዛሬ ያለበት ቦታ የቆመው ጣሊያን በወረራው ዘመን ከተማዋን በዘር ለይቶ ሊከፍል «የአገሬው ገበያ» ብሎ በከለለበት ጊዜ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ስለ መልሶ ማልማትና ስለ ቦታ ለውጥ በሚጠራው ስብሰባ ላይ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ገበያ የሚነሳው ለምን ነው? ሲነሳ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል? አንዴ የሆነን ነገር የሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ሲመጣ አይደናገጥም።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይሰማኛል። «ከዚህም ከዚያም ቆንጥሮ መማር ጥራዝ ነጠቅ ያደርጋል» ትሉኝ ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ጥራዝ ነጠቅ በአገራችን ምን እንዳደረሰ እናውቃለን። ሆኖም ጥራዝ ነጠቅነት የሚመጣው ከትምህርቱ ማነስ አይመስለኝም። የሚመጣው መልሱን ብቻ ሰጥቶ የሚጠየቅበትን መንገድ ከመሸሸግ ነው። ደህና የመግቢያ ኮርስ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ዘርፉ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያሳያል፤ ደግሞም «ከዚህ በላይ ያለውን ለባለሙያው ተው» ብሎ ድንበሩን ይነግራል። የመጀመሪያውን የሕግ ትምህርት የወሰደ ነጋዴ ጠበቃ አይሆንም፤ ጠበቃ መቼ እንደሚያስፈልገው ግን ያውቃል። ጥራዝ ነጠቁ የሚታወቀው ድንበሩን ባለማወቁ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት አደረገው? አሜሪካኖች ኮምዩኒቲ ኮሌጅ የሚሉት አላቸው። የመጀመሪያው የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢሊኖይ ጆሊየት ከተማ ተከፈተ። ዋናው ደንቡ በሩ ክፍት መሆኑ ነው፤ ሠራተኛውም፣ እናትም፣ ስደተኛም ማታ ወይም ቅዳሜ መጥቶ የኬሚስትሪ፣ የታሪክ፣ የአካውንቲንግ የመጀመሪያ ኮርስ ይወስዳል። መቀጠል ከፈለገ የወሰደው ተቆጥሮለት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል፤ ማቆም ከፈለገም የተማረው የእሱ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን የኖርዘርን ቨርጂኒያንና የሞንትጎመሪን ኮሌጆች በደንብ ያውቋቸዋል። አገሩ ላይ ፈተና ወድቆ የቀረ ወጣት እዚያ ቀን ሠርቶ ማታ ተምሮ ሲመረቅ አይተናል። ልጁ ያው ነው፤ የተለየው በሩ ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ተግባረ ዕድን የመሰለ፣ ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ሙያ ያስተማረ ተቋም አለን። ጄኔራል ዊንጌትን የመሰሉ ፖሊ ቴክኒኮች አሉን። የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ክፍል ሳይገባ በብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ በምንለው፣ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎደለው አንድ ነው፦ ሥልጠናው በአንድ ሙያ ዙሪያ የታጠረ ነው። ብየዳ የሚማረው ልጅ ሕግና ታሪክ አያገኝም፤ አካውንቲንግ የምትማረው ልጅ ኬሚስትሪ አታገኝም። በከተማው የመጀመሪያውን ኮርስ ከየዘርፉ ለፈለገ ሰው ሁሉ የሚሰጥ በር የለም። በዩኒቨርሲቲ ያለው በር ደግሞ በፈተናና በእንግሊዝኛ ተቆልፏል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ገበያው ከተዘጋ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት የመግቢያ ኮርሶች ይሰጡ። እያንዳንዱ ኮርስ በ12 ሳምንት ያልቅ። መግቢያ ፈተና አይኑር፤ ማንበብና መጻፍ ይብቃ፤ እሱንም ለማይችል ጎን ለጎን መሠረተ ትምህርት ይከፈት። በ1971 ዓ.ም መላ አገር የዘመተበትን ነገር አንድ ክፍለ ከተማ አያቅተውም። ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን፤ ተማሪው በተግባር ከሚያውቀው ይነሳ፦ ኬሚስትሪው ከቆርቆሮው ጭስ፣ ፋይናንሱ ከዕቁቡ፣ ሕጉ ከደረሰኙ። መጨረሻ ላይ የሚፈተን ይፈተን፤ ውጤቱም ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሲገባ ይቆጠርለት። ካልተቆጠረ ሰውየው ሁለት ጊዜ ይማራል፤ ሁለት ጊዜ የሚማርበት ጊዜ የለውም።

ወጪው ብዙ አይደለም። ክፍሉ ማታ ባዶ ነው፤ መምህሩ በከተማው አለ፤ የኮርሱ ይዘትም ለፍሬሽማን ተዘጋጅቶ ያለ ነው፣ መልሶ በአማርኛ ማዘጋጀት እንጂ። ከባዱ ሌላ ነው፤ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ከእሱ የበለጠ ብረት የሚያውቅ ተማሪ እንደሚቀመጥ አምኖ መግባት አለበት። ያን የማይችል አይምጣ።

ወገኖቼ፣ ልመናዬ ለሦስት ወገን ነው። የክፍለ ከተማውና የኮሌጅ ኃላፊዎች፦ አዲስ ሕንጻ አንጠይቃችሁም፤ የአንድ ክፍል ቁልፍ ስጡን፣ ውጤቱንም ቁጠሩልን። መምህራን፦ በሳምንት አንድ ማታ ስጡ፤ ከመጽሐፋችሁ በፊት ተራውን ዞራችሁ ተመልከቱ። የምን አለሽ ተራ ሙያተኞችና ነጋዴዎች፦ ልጆቻችሁን ለማስተማር ዕድሜያችሁን ሰጥታችኋል፤ አሁን ራሳችሁም ተመዝገቡ። በአንድ ኮርስ 30 ሰው ከተገኘ መጀመር ይቻላል። እኔ ከፊታችሁ ካለው ወረቀት ላይ ስሜን አስፍሬያለሁ፤ ከመውጣታችሁ በፊት የእናንተን ጻፉ።